ሳጎ የሚታጠብበት ውሃ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ በማሌዥያዋ ሳራዋክ ጫካ ውስጥ ስላሉት ፔናኖች ላውራችሁ። አድነው ስለሚኖሩ ሕዝቦች ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ መርዝና ወደ ቀስት ይሮጣል። ፔናኖችም በረጅም የእንጨት ቱቦ እፍ ብለው የሚያስወነጭፉት መርዝ የተቀባ ስንጥር አላቸው። ዘላን ሆነው ሲኖሩ ግን ሆዳቸውን የሚሞላው ሳጎ ነበር፤ ከዘንባባ ግንድ የሚወጣ ዱቄት።

ዘንባባውን ኡቩት ይሉታል። ተዳፋት ላይ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ እያወጣ ይበቅላል። ግንዱ መቆረጥ ያለበት ሳያብብ ነው፤ አብቦ ሲያፈራ ያጠራቀመውን ስታርች፣ ማለትም ዱቄት የሚሆነውን ነገር፣ ስለሚጨርሰው ዘግይቶ የደረሰ ሰው ቃጫ ብቻ ያገኛል። ትልልቁ ተቆርጦ ትንንሹ ይተዋል። ይህን መቆጠብና መንከባከብ «ሞሎንግ» ይሉታል። «ዘላን የዛፍ ባለቤት አይደለም» የሚል ሰው ይህችን ቃል አልሰማም።

የተጣለው ግንድ ተቆራርጦ ወደ ወንዝ ይወርድና ለሁለት ይሰነጠቃል። ልቡን በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጠው ያደቁታል። ከዚያ ሁለት ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ራታን ከሚባለው ሐረግ የተሠሩ። ላይኛው ሳሳ ያለ ነው፣ በእንጨት መደብ ላይ ይዘረጋል። ታችኛው ጥቅጥቅ ያለ ነው። የደቀቀውን ላይኛው ላይ ከምረው ውሃ እያፈሰሱ በእግር ይረግጡታል። ቃጫው ከላይ ይቀራል፤ ነጩ ውሃ ይወርድና ስታርቹ ታች ይዘቅጣል። ቡላ ሲጨመቅ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ዝቃጩ እሳት ላይ ይደርቃል፤ እርጥብ ከቆየ ይኮመጥጣል።

ሲበላ በፍል ውሃ ይማሰላል። ውሃው በደንብ ካልፈላ አይያያዝም፣ ጓል ጓል ይሆናል። ሲሳካ የሚያብረቀርቅ፣ የሚሳብ ገንፎ ይወጣዋል፤ «ናኦ» ይባላል። በባላ እንጨት ጠቅልለው ወጥ እያስነኩ ይበሉታል። ሳጎ ከስታርች በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም፤ ሥጋው፣ በተለይ ጢማሙ የዱር አሳማ፣ ለዚህ ነው የግድ የሚሆነው።

እንግዲህ ውሃውን አስቡት። የጣውላ ኩባንያ ላይኛውን ተዳፋት ሲመነጥር፣ መንገድ ሲያወጣ፣ ዝናቡ አፈሩን ወደ ወንዙ ይዞት ይወርዳል። የላመ ጭቃ ልክ እንደ ስታርቹ በላይኛው ምንጣፍ አልፎ ታችኛው ላይ ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚለይ ወንፊት የለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ፔናኖች በባራምና በሊምባንግ አካባቢ የጣውላ መንገዶችን ዘግተው ሲቆሙ፣ በውጭ ያለው ሰው ያየው ስለ ዛፍ የሚደረግ ክርክር ነበር። እነሱ ግን ስለ ደፈረሰው ወንዝም እየተናገሩ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ መንደር ገብተው ሩዝ ይዘራሉ።