ፖስታው ከመከፈቱ በፊት
በደብረ ብርሃን ለጤና ሳይንስ ተመራቂ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ይህን ብርድ ችላችሁ አዳራሹን ስለሞላችሁት አመሰግናለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ከሰዓት በኋላ ሰው አስቀምጦ ማቆየት ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ብዙም አላስረዝምም።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አስተባባሪዎቹ ፊዚክስ ለሕክምና ምን እንደሰጠ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እሱ ቶሎ ያልቃል። ሬንትገን በፈረንጆቹ 1895 ኤክስሬይን አገኘ። በወራት ውስጥ ሐኪሞች የተሰበረ አጥንት ያዩበት ጀመር። አንደርሰን በ1932 ፖዚትሮን የምትባለውን ቅንጣት አገኘ። ዛሬ ያቺው ቅንጣት ፔት ስካን በሚባለው የምስል ማንሻ ውስጥ ሆና ካንሰር ታስሳለች። ካንሰርን በጨረር የምታክሙባቸው ማሽኖችም ከቅንጣት ማፋጠኛዎች ወገን ናቸው። ውለታ መቁጠር ስለማልወድ እዚህ ላይ ልተወው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። እነዚህ ሁለት ሙያዎች አንድ ጠላት አላቸው። ጠላቱ ተመራማሪው ራሱ ነው። ማየት የሚፈልገውን ነገር ያያል። ይህን ለመከላከል ሁለቱም ወገን ያልሞከረው ዘዴ የለም።

አሜሪካ ውስጥ፣ ቺካጎ አጠገብ፣ ፈርሚላብ የሚባል ቤተ ሙከራ አለ። እዚያ ሙዮን የምትባል ቅንጣት ይለካሉ። ሙዮን የኤሌክትሮን ዘመድ ናት፣ 200 እጥፍ ያህል ብትከብድም። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሞልታለች። ከሕዋ የሚመጣ ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ ትፈጠራለች። አሁን እኔን ስትሰሙ በሰውነታችሁ ውስጥ እያለፈች ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች፣ አሰብ ላይ ካለ ሰው ይልቅ ለእኛ ትበዛለች። አትፍሩ፣ ምንም አታደርጋችሁም።

የፈርሚላብ ሰዎች የለኩት፣ ሙዮኗ በማግኔት ውስጥ ስትዞር ምን ያህል እንደምትወዛወዝ ነው። ስሌቱ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ልኬቱ ከዚያ ከተለየ ገና ያላወቅነው ነገር አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ፈተናው እዚህ ጋ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ልዩነት እንዲገኝ የማይመኝ ሰው አልነበረም ብል የማጋንን አይመስለኝም።

ምን አደረጉ መሰላችሁ? የሚለኩበትን ሰዓት ሆን ብለው አዛቡት። በምን ያህል እንደተዛባ የሚያውቁት ከቡድኑ ውጭ የሆኑ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ ተጽፎ በፖስታ ታሸገ። ተመራማሪዎቹ ዳታውን ለዓመታት ሲፈትሹ ትክክለኛውን መልስ አያውቁትም ነበር። ስለዚህ ወደሚመኙት ሊጎትቱት አልቻሉም። ትንተናው ካለቀና ሁሉም ከተስማሙ በኋላ ፖስታው ተከፈተ።

ውጤቱ በፈረንጆቹ 2021 ይፋ ሆነ። ልዩነቱ 4.2 ሲግማ ነበር። ዓለም አዲስ ፊዚክስ መጣ ብሎ ጮኸ። በ2025 የመጨረሻውን ልኬት ሲያወጡ ቁጥሩ ከበፊቱ ጋር ተስማማ፣ ጥራቱም እጅግ ጨመረ። የተለወጠው በሌላ በኩል ነው። የቲዎሪ ሰዎች በሌላ ዘዴ አስልተው ሲመጡ የእነሱ ቁጥር ወደ ልኬቱ ተጠጋ። ልዩነቱም ጠፋ። ብዙ ሰው ቅር ብሎታል። እኔ ግን ልኬቱ ንቅንቅ አለማለቱ ከማንኛውም ግኝት በላይ ደስ ይለኛል።

ሲግማ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዘውድና ጎፈር የተጫወተ ሰው ይገባዋል። አንድ ሰው ሳንቲም ወርውሮ አራት ወይም አምስት ጊዜ በተከታታይ ዘውድ ቢያመጣ፣ እናንተ የምትኮሩበት ፒ ቫልዩ ላይ ደረሰ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣው ከ20 አንድ ጊዜ ያህል ነው። እኛ ሰፈር "ተገኘ" ለማለት 22 ጊዜ ገደማ በተከታታይ ዘውድ መምጣት አለበት። 5 ሲግማ ማለት ይህ ነው፣ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ።

ይህ ሁሉ ጥብቅነት ለጉራ አይደለም፣ ስለተቃጠልን ነው። ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በሚባል የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ አትላስና ሲኤምኤስ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች አሉ። በ2012 ሂግስ ቦዞን የሚባለውን ቅንጣት መገኘት ያበሰሩት እነሱ ናቸው። በ2015 መጨረሻ እነዚሁ ሁለት ቡድኖች ዳታቸው ላይ 750 ጂኢቪ (የቅንጣት ክብደት የሚለካበት ነው) አካባቢ አዲስ ቅንጣት የሚመስል ያልታሰበ ጉብታ አዩ። ሁለቱም! ጉብታውን የሚያብራሩ ጽሑፎች በመቶዎች ተቆጠሩ። በ2016 ክረምት ተጨማሪ ዳታ ሲመጣ ጉብታው የለም። ቀድሞም በዕድል የመጣ ነበር።

የእናንተ ሙያ ይህን ያህል ትዕግሥት እንደሌለው አውቃለሁ። ሂግስ በ1964 ታስቦ በ2012 ሲገኝ፣ በመሀሉ ባለው 48 ዓመት በመዘግየቱ የሞተ በሽተኛ የለም። ድንገተኛ ክፍል የገባ ልጅ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ከ20 አንድ ማለታችሁን አልነቅፍም። የምለው አንድ ነገር ነው። መስፈርቱን ዝቅ ያደረገ ሰው ሌላው ጥንቃቄ ላይ መጠንከር አለበት። በየምርምሩ የማየው ግን ግልባጩን ነው። መስፈርቱም ዝቅ ያለ፣ ጥንቃቄውም የላላ።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልግባ። ፊስት የተባለውን ጥናት የምታውቁት አላችሁ? በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛንያ ነው የተሠራው፣ ውጤቱም በ2011 ወጣ። ጥያቄው እንዲህ ነው። ከባድ ትኩሳት ያለበት፣ እጅ እግሩ የቀዘቀዘ፣ ራሱን ሊስት የደረሰ ሕፃን መጣ። ፈሳሽ በደም ሥር በፍጥነት ይሰጠው? እናንተ ቦለስ የምትሉት፣ እናቶቻችን ደግሞ በደፈናው ግሉኮስ የሚሉት። በሀብታሞቹ አገሮች የተለመደ ነገር ነበር። መጽሐፉም ስጡ ይላል። አመክንዮውም ቀጥ ያለ ነው፣ የደም ዝውውሩ ከደከመ ፈሳሽ ሙላ።

3141 ልጆች በዕጣ ተመደቡ። ዕጣው በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነበር። አንዱ ቡድን ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውሃ፣ በቦለስ፣ አንዱ አልቡሚን የተባለ የደም ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ በቦለስ፣ ሦስተኛው ምንም ቦለስ ያልተሰጠው። ዳታውን ከሐኪሞቹ ተለይቶ የሚከታተል ኮሚቴ ነበር። ኮሚቴው ባየው ነገር የተነሣ ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም አሳሰበ። በ48 ሰዓት ውስጥ ቦለስ ካልተሰጣቸው ልጆች 7.3 በመቶ ሞቱ። ቦለስ ከተሰጣቸው ግን በሁለቱም ቡድን 10.5 በመቶ ገደማ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ልዩነቱ ከ100 ልጅ ሦስት ነው። አንድ ሐኪም፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ይህን በዓይኑ ሊያየው አይችልም። እንዲያውም የሚያየው ተቃራኒውን ነው። ቦለስ ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት ብዙ ልጆች ሻል ይላቸው ነበር። ሐኪሙ ይደሰታል፣ እናትየዋም ትመርቃለች። ሌሊት ላይ ልጁ ሲያርፍ ደግሞ በሽታው ጠንቶበት ነው ይባላል። ማንም ፈሳሹን አይጠረጥርም። ልምድ ብቻውን ይህን ጥፋት መቶ ዓመት ይዞት ሊዞር ይችል ነበር።

አደራ፣ በተቅማጥና በትውከት የተጎዳ ልጅ በዚህ ጥናት ውስጥ አልነበረም። ነገ ዋርድ ገብታችሁ "ፈሳሽ ይገድላል ብሎናል" እንዳትሉብኝ። የፊዚክስ መምህር ሕክምና አስተማረ ተብሎ እኔም እንዳልከሰስ።

እንደ ሙዮኑ ፖስታ መልሱን ከተመራማሪው መጋረድ የማይቻልበት ጊዜስ? አለ። ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። ዝሆኔን ታውቃላችሁ። ከሰሜን ሸዋ ደጋ የመጣችሁ በገበያ ቀን እግሩ ያበጠ ገበሬ አይታችኋል። ይህኛው ዓይነት ከትንኝ የሚመጣ አይደለም። በባዶ እግር ለዓመታት ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ መሆኑን ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ሐኪም እዚሁ አገራችን ሲሠራ ነው ያሳየው። ተጎጂው ግን እስከ ዛሬ እርግማን ወይም ዘር ይባላል።

ምሥራቅ ጎጃም ላይ 696 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አጠኑ። ውጤቱ በ2018 ወጣ። ሕክምናው እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ነው። ማን እግሩን እንደሚታጠብ መደበቅ አይቻልም። ፖስታ አይረዳም። ግን ዕጣው አለ፣ ማወዳደሪያው ቡድንም አለ። እሱም ቢሆን አልተነፈገም፣ ከዓመት በኋላ ያንኑ ሕክምና አገኘ። እግር የሚያቃጥለውና አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ሕመም በታከሙት ላይ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀነሰ። በሳሙናና በጫማ! ለእኔ ይህ ከሂግስ አያንስም። ሂግስ ማንንም ማሳ አላደረሰም።

ወደ እናንተ ምርምር ልምጣ። አብዛኞቻችሁ ካርድ ክፍል ገብታችሁ የቆየ ካርድ ታገላብጣላችሁ። ከዚያ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ትጭኑና አንድ ነገር "ሲግኒፊካንት"፣ ማለትም ከዚያ ከ20 አንድ መስፈርት በታች፣ እስኪሆን ትጫኑታላችሁ። 20 ነገር ከሞከራችሁ አንዱ በዕድል ብቻ ይወጣላችኋል። እሱን ይዛችሁ ዲፌንስ፣ ምርምራችሁን በፈታኞች ፊት ወደምታቀርቡበት፣ ትገባላችሁ። ዘውድ እስኪመጣ መወርወር ይሉታል ይህንን።

ስለዚህ አንድ ነገር ልስጣችሁ። ዳታውን ከመክፈታችሁ በፊት ጥያቄያችሁንና የምትተነትኑበትን መንገድ በአንድ ገጽ ጻፉ። ቀን አድርጋችሁ ለአድቫይዘራችሁ ፈርሙለት። ሁለት ቡድን የምታወዳድሩ ከሆነ ሀ እና ለ በሏቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሌላ ሰው ይሁን። ሰው ካጣችሁ እኔ አለሁ። ቢሮዬ መሳቢያ አለው፣ ቁልፉም ይሠራል።

ክትትል ያቋረጡትንም ከቁጥር አታውጡ። ከመንዝ ተነሥቶ እዚህ የመጣ በሽተኛ ሳይመለስ ሲቀር ድኖ ሊሆን ይችላል፣ የትራንስፖርት አጥቶም ሊሆን ይችላል፣ ሞቶም ሊሆን ይችላል። ካርዱ ላይ ስልክ ካለ ደውሉ። የተመለሱትን ብቻ ቆጥሮ "ሕክምናው ሠራ" ማለት አያዋጣም።

ልዩነት ካላገኛችሁም አትደብቁት። በዲፌንስ ቀን ቆሞ "አልተገኘም" የሚል ተማሪ ካለ ይጥራኝ፣ መጥቼ ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ ማይኩንም ከኋላ ላሉት አሳልፉላቸው።