ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ

ጤና ይስጥልኝ። እንኳን ደህና መጣችሁ።

የኢንተርኔት ደህንነት ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ኮፍያ ደፍቶ ኪቦርድ የሚደበድብ ሃከር ነው። እሱን ለዛሬ እንተወው። የአነስተኛ ንግድ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ኮምፒውተር ተሰብሮ አይደለም። ባለቤቱ ወይም ሒሳብ ሠራተኛዋ በገዛ እጃቸው ልከውት ነው።

ዕቃ ከሚያቀርብላችሁ ድርጅት አንድ ኢሜይል ይመጣል እንበል። «ባንክ ስለቀየርን የዚህን ወር ክፍያ በአዲሱ ሒሳብ ቁጥር አስገቡልን። ዛሬ ካልደረሰን ዕቃው ይዘገያል» ይላል። አርማው ትክክል ነው። የዕቃው ዝርዝርና የገንዘቡ መጠንም ትክክል ነው። የላኪውን አድራሻ ፊደል በፊደል ስታዩት ግን «ኤም» መሆን ባለበት ቦታ ላይ «አር» እና «ኤን» ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በስልክ ስክሪን ላይ ሁለቱን ለመለየት የንስር ዓይን ያስፈልጋል።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንዴ አድራሻው ራሱ እውነተኛ ነው። ሌባው የዕቃ አቅራቢያችሁ ኢሜይል ውስጥ ገብቶ ድምፁን አጥፍቶ ያነባል። ማን ለማን ስንት እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚከፍል ያጠናል። ብቅ የሚለው ክፍያው ሊፈጸም ሲል ነው።

«እኛ ትንሽ ስለሆንን ነው የምንሸወደው» የሚል ካለ፣ ጎግልና ፌስቡክም ተሸውደዋል። ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የሚባል የሊትዌኒያ ሰው ሁለቱ ድርጅቶች በሚያውቁት የዕቃ አቅራቢ ስም ላትቪያ ውስጥ ኩባንያ አስመዘገበ። ከዚያ በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ. መካከል የውሸት የክፍያ መጠየቂያ እየላከ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈላቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ 5 ዓመት ተፈረደበት። መሣሪያው ወረቀት፣ ማኅተምና ኢሜይል ነበር። በዓለም ላይ አሉ የተባሉ የኮምፒውተር ሊቃውንት በሞሉበት ቤት ማለት ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ። የሒሳብ ቁጥር ተቀየረ ከተባላችሁ ደውሉ። መልእክቱ ላይ በተጻፈው ስልክ አይደለም፤ እሱንማ የሚያነሳው ሌባው ራሱ ነው። ድሮ በያዛችሁት፣ ስልካችሁ ላይ በመዘገባችሁት ቁጥር ደውሉ። የሚደውለውም እናንተ መሆን አለባችሁ። ዛሬ የሰው ድምፅና ምስል በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይቀዳል። በ2024 እ.ኤ.አ. ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቆቹን ያየ መስሎት ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ልኳል። ስብሰባው ላይ የነበሩት ሁሉ የውሸት ነበሩ።

አሁን የምናገረው አለቆችን ነው፤ ቅር አይበላችሁ። «ቶሎ ክፈል፣ ለምን ትጨቀጭቀኛለህ» የሚል አለቃ ለሌባ የተመቸ አለቃ ነው። የሚቆጡት ሠራተኛ ደውሎ አያጣራም። ለሠራተኞቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው፦ ለማጣራት ብሎ ክፍያ ያዘገየ አይወቀስም፣ ያዘገየው የእኔን ትእዛዝ ቢሆንም። እኔን ብትጠይቁኝ ይቺ ቃል በብዙ ገንዘብ ከሚገዛ ሶፍትዌር ትበልጣለች።

በተቃራኒው በኩል፣ እናንተ ተቀባይ ስትሆኑ፣ ደንበኛ «ከፍያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት ያሳያችኋል። ስክሪንሾት ማንም በደቂቃ የሚሠራው ነገር ነው። ገቢ ሆነ የሚል አጭር መልእክትም ተመሳስሎ ይላካል። የራሳችሁን የባንክ አፕ ከፍታችሁ ገንዘቡን እስክታዩ ዕቃውን አትልቀቁ። ሰውየው ቸኩሎ ቢቆጣም ይቆጣ።

ቀጥሎ ኢሜይላችሁ። ይሄ የሁሉም በር ቁልፍ ነው። የባንኩም፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጻችሁም ፓስዎርድ ጠፋ ሲባል መቀየሪያው ሊንክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው እዚያ ነው። ስለዚህ ሌላው ቢቀር የኢሜይሉን ፓስዎርድ ሌላ ቦታ አትድገሙት። ረጅም ይሁን። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲያሻሽል በየጊዜው ፓስዎርድ ቀይሩ እያሉ ሰውን ማስጨነቅ አያስፈልግም፣ ርዝመቱ ይበልጣል ብሏል። በየሦስት ወሩ መጨረሻው ላይ አንድ ቁጥር እየጨመራችሁ የምትቀይሩ ሰዎች፣ እፎይ በሉ። መቀየር ያለበት ተሰርቋል ብላችሁ ስትጠረጥሩ ነው።

ከፓስዎርድ በተጨማሪ ኮድ የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብሩ። ኮዱ በአጭር መልእክት ቢመጣ ከምንም ይሻላል። በማረጋገጫ አፕ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ይሻላል፤ ምክንያቱም ሌባ ስልክ ቁጥራችሁን ወደ ራሱ ሲም ካርድ ሊያዞር ይችላል። ኮዱን ለማንም አትስጡ፣ «ከባንክ ነው የምደውለው» ላለም ጭምር። ዛሬ ማታ ደግሞ የኢሜይሉን ሴቲንግ ከፍታችሁ መልእክት ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ እንዳለ እዩ። ሰርጎ የገባ ሰው ይቺን ትቶ መሄድ ይወዳል። ፓስዎርዱን ብትቀይሩም ደብዳቤያችሁ እየደረሰው ይቀጥላል።

ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንትም በዚያው ቀን ይዘጋ። በ2021 እ.ኤ.አ. ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለውን የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ ያስቆሙት ሌቦች የገቡት ማንም በማይጠቀምበት አካውንት ነበር። ሁለተኛ ማረጋገጫም አልነበረውም።

አፕዴትና ባክአፕን፣ ማለትም የፋይላችሁን መጠባበቂያ ቅጂ፣ በአጭሩ ልለፋቸው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. በ150 አገሮች ገደማ ኮምፒውተር ሲቆልፍ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር አልፎት ነበር። «በኋላ አስታውሰኝ» የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኑ ይሄ ትዝ ይበላችሁ። ባክአፕ ደግሞ ሁልጊዜ ኮምፒውተሩ ላይ ከተሰካ አብሮ ይቆለፋል። አንዱን ቅጂ ንቀሉና ሌላ ቦታ አስቀምጡ። አልፎ አልፎም ከፍታችሁ ሞክሩት፤ የማይከፈት ባክአፕ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ገንዘብ ቢሄድስ? ማፈሩን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና ወዲያውኑ ባንካችሁ ጋ ደውሉ። ገንዘቡ ከሌባው ሒሳብ ሳይወጣ ከተደረሰበት ሊታገድ ይችላል። ኢሜይሉን፣ ቻቱን፣ የከፈላችሁበትን ማስረጃ አታጥፉ። ፖሊስም ባንክም ይጠይቋችኋል። ከዚያ የኢሜይሉን ፓስዎርድ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቀይሩና ሁሉንም መሣሪያ አስወጣ የሚለውን ተጫኑ። ስሙ ለተነገደበት አቅራቢም ንገሩት፤ ሌሎች ደንበኞቹም ያው ኢሜይል ደርሷቸው ይሆናል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።