ሰው የሌላት ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ለመፃጉዕ ሰንበት አደረሳችሁ።

ዛሬ በቅዳሴው የተነበበውን ሰምታችኋል። 38 ዓመት የታመመ ሰው መጠመቂያው ዳር ተኝቷል። ጌታ «ልትድን ትወዳለህን?» ቢለው «ሰው የለኝም» አለ። ዙሪያው በሰው ተሞልቶ እኮ ነው!

ደሴም ውስጥ ሰው ሞልቶ ሰው የሌላቸው አሉ። ዛሬ ስለ ቤት ሠራተኞች ብቻ ላውራ። ልጅቷ ከገጠር ትመጣለች፣ በደላላ ትቀጠራለች። ፊርማ የለም። አሠሪዋ «ደመወዝሽ እኔ ጋ ይጠራቀምልሽ» ትላታለች። ዓመት ቆይቶ «ቤተሰቤን ልጠይቅ፣ ብሬን ስጡኝ» ስትል ጉድ ይፈላል። «የሰበርሽው ብርጭቆስ?» አንዳንዴም ወርቅ ጠፋ ይባላል። ከዚያ ልብሷ በፌስታል ተቋጥሮ በር ላይ ይወረወራል።

ልክሰስ ብትልስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መክሰስ ትችላለች፤ ግን «ምስክር አለሽ?» መባሏ አይቀርም።

ምስክሮቹ እኛ ነን። ልጅ ትምህርት ቤት ስታደርስ፣ ቡና ስታፈላልን በየቀኑ አይተናታል። ግን «እትዬ እገሌን ላስቀይም?» እንልና ሃያ ብር አስይዘን «እግዚአብሔር ይርዳሽ» ብለን እንሸኛታለን። ምጽዋቱ አይጠላም። ልጅቷ ግን ላቧን ነው የተቀማችው። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተቀማ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። እግዚአብሔር የሰማውን ጩኸት ጎረቤት ካልሰማ ጾማችን ምኑ ላይ ነው?

ነገሩን የሚያከብደው እትዬ እገሌ አንዳንዴ ከእኛው ጋር የምታስቀድስ መሆኗ ነው። ደግሞ «ልጅቷ ሙስሊም ናት፣ የራሷ ሰዎች ይዩላት» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ወሎዬ መሆኑን እጠራጠራለሁ።

እባካችሁ፣ መጀመሪያ በየቤታችን ያለውን ሒሳብ ፋሲካ ሳይደርስ እንዝጋ። ልጅ ስትባረር ካየን ደግሞ ለሽምግልና አንቸኩል። «ግማሹን ተቀበይና ይቅር በይ» ማለት እርቅ አይደለም፤ የቀረውን ግማሽ እኛው መቀማታችን ነው። አብረናት ቀበሌ እንሂድ። ፍርድ ቤት ቀርበን «እዚያ ቤት ስትሠራ አይቻለሁ» እንበል።

አብራችሁ ለመሄድ የምትፈቅዱ ከጉባኤው በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስማችሁን አስመዝግቡ። ሕግ የተማራችሁማ እንዳታመልጡን። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።