መገጣጠሚያችን ውስጥ እነማን አሉ?

እንደምን ዋላችሁ! ቁርጥማት ያለባችሁም፣ ዘመድ ደግፋችሁ የመጣችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሥጋ ሲኖቪየም ይባላል። የላይኛው ንጣፉ በጤና ጊዜ ቢበዛ አራት ሴል ቢደራረብ ነው። መገጣጠሚያው እንዳይፋተግ የሚያለሰልሰው ፈሳሽ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት የቁርጥማት ዓይነት፣ ሲመጣ ያ ስስ ነገር ይወፍራል፣ ያብጣል፣ ይባስ ብሎ አጥንቱን መብላት ይጀምራል።

እ.ኤ.አ. በ1962 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያዩት ሰዎች ሁለት ዓይነት ሴል ለዩ። አንዱ ቆሻሻ የሚለቅመው ማክሮፋጅ ነው፤ ሌላው ማለስለሻውን የሚሠራው ፋይብሮብላስት። ለብዙ ዓመት በዚሁ ተኖረ።

ዛሬ ሥራው ሌላ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እያየ መርፌ ያስገባና ከታመመው ጉልበት ትንንሽ ቁራጭ ያወጣል። ቁራጩ በኢንዛይም ይፈታል፣ ሴሎቹ አንድ በአንድ ይለያያሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ሴል የትኞቹን ጂኖች እየሠራባቸው እንደሆነ ይነበባል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ 18 የሴል ዓይነቶች አወጡ። በ2023 ደግሞ ከ314,000 በላይ ሴሎች መረመሩ። የበሽታው ስም አንድ ቢሆንም፣ የታማሚዎቹ ሲኖቪየም በየትኛው ሴል እንደተሞላ ሲታይ ስድስት ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ለጎረቤታችሁ የሠራው መድኃኒት ለእናንተ አልሠራ ሲል፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን የፋይብሮብላስቶቹ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 እንግሊዝ አገር በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ከንጣፉ ሥር ያሉትና "ታይ-1" የሚባል ምልክት የያዙት ፋይብሮብላስቶች እብጠቱን ያባብሳሉ። ምልክቱ የሌላቸው፣ በንጣፉ ላይ ያሉት ደግሞ እብጠቱን እምብዛም ሳይነኩ ልም አጥንቱንና አጥንቱን ያፈርሳሉ። አያችሁ? የሚያሳብጠውና የሚያፈርሰው ለየቅል ናቸው። አሁን በእጃችን ያሉት መድኃኒቶች ደግሞ በአብዛኛው የሚያነጣጥሩት በበሽታ ተከላካይ ሴሎችና በሚላላኩት መልእክት ላይ ነው። ፋይብሮብላስቱን በቀጥታ የሚይዝ ገና አልመጣም። ስለዚህ እብጠቱ ጎደለ ብላችሁ ከክትትል አትቅሩ።

ይህ ምርመራ ለጊዜው የምርምር ነው፤ ክሊኒክ ሄዳችሁ "ሴሌን ለዩልኝ" ብትሉ አታገኙትም። ሜቶትሬክሴት የሚባለው የዚህ በሽታ መድኃኒት የታዘዘላችሁም በዚህ ወሬ ተነሥታችሁ እንዳታቋርጡ፣ አደራ። ለጥናት ናሙና ስጡ ከተባላችሁ ግን ምን እንደሚደረግበት ጠይቁ፤ መልሱ ካሳመናችሁ ስጡ። እነዚያ ሁሉ ሴሎች የተገኙት ፈቅደው ከሰጡ ታማሚዎች ነው።

አመሰግናለሁ።