ጥያቄው ሳይታወቅ ዘዴው ለምን ይመረጣል?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ዛሬ የመመረቂያ ጽሑፍ ጉዳይ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያላችሁ የማስተርስ ተማሪዎች ጠጋ በሉ፣ ብርዱም ያጠጋጋል።

ጥናታችሁ ኳሊቴቲቭ (በሰዎች ቃልና ትርጉም ላይ የቆመ) ነው ኳንቲቴቲቭ (በቁጥር ላይ የቆመ) ስላችሁ ቶሎ ትመልሳላችሁ። ጥያቄያችሁስ ምንድን ነው ስላችሁ ዝም። ዘዴው ቀድሞ ተመርጧላ! ወይ ስታትስቲክስ እንፈራለን፣ ወይ አማካሪያችን ቁጥር ይወዳሉ።

እስቲ ገበያ እንውጣ። ገብስ ልትገዙ ነው። ነጋዴው ሚዛን ላይ ያወጣዋል፣ ኪሎው ይኸው። እናቶቻችን ግን በዚህ አይረኩም። እፍኝ ያነሳሉ፣ ያሹታል፣ እፍ ይሉታል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ይሰብሯታል። ነቀዝ ነክቶታል? እርጥበት አለው? ለበሶ ነው ለጠላ ወይስ ለዘር? ሚዛኑ ይህን አይነግራቸውም። ፍሬ መንከስ ደግሞ የጆንያውን ኪሎ አይነግርም። ታዲያ የትኛዋ እናት ናት ነካሽ ነኝ ብላ ሚዛን የምትጠላው? እኛ ግን ጎራ ለይተናል።

መንዝ ጓሳን ውሰዱ፣ ሕዝቡ በጋራ የሚጠብቀውን የሳር መሬት። ሳሩን ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ ሥርዓት፣ አባ ቄራ በሚባል አለቃ እየተመራ ለዘመናት ጠብቆታል፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አናጋው። ዛሬ ስንቱ አባወራ የጓሳውን ሕግ ይደግፋል? ይሄ መጠይቅ ይፈልጋል። ከብቱ እየራበው ሰው ሳሩን ለምን አይነካም? ለዚህ ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ መስማት ነው፤ «በጣም እስማማለሁ» የሚል ሳጥን አይበቃውም። ሦስት ሽማግሌ «ሁሉም ደስተኛ ነው» ስላሉ ግን ሁሉም ደስተኛ ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ።

ኮሜንት ላይ የማይጠፋው ደግሞ «ኳሊቴቲቭ ይቀላል» የሚለው ነው። አይቀልም! የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ብቻ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያ ደጋግሞ ማንበብ አለ፣ ኮድ ማድረግ (ለየሐሳቡ መለያ ስም መስጠት) አለ፣ ጭብጥ ማውጣት አለ፣ ከጭብጡ ጋር የማይስማማውን ሰው ቃል ሳይደብቁ ማቅረብ አለ። ከሒሳብ ሸሽቶ የገባ ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚሰጥመው፣ እውነት ያሳዝነኛል። «ቃለ መጠይቅ የተደረገለት አስራ አምስት ሰው ምን ይወክላል?» የምትሉም አላችሁ። እሱ እኮ ሕዝቡን ለመወከል አልተመረጠም፤ ነገሩን በቅርብ ስለሚያውቅ ነው የተመረጠው።

ናሙናውን በፍጥነት ልበላችሁ። ለመጠይቅ ስንት ሰው እንደሚበቃ የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ታውቁታላችሁ፤ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ፣ ሕዝቡ በጣም ሲበዛ ናሙናው ወደ 400 ይጠጋል። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ይህን ቀመር አታምጡት፤ አዲስ ሐሳብ መምጣት ሲያቆም ታቆማላችሁ። ሁለቱን ማጣመርም አለ፣ እሱ ራሱን የቻለ ቪዲዮ ይወጣዋል፣ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።

እስከዚያው የጥናት ጥያቄያችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ዘዴውን አትጻፉ፣ ጥያቄውን ብቻ።