የምን ታንኳ?

ሰላም፣ ሰላም። እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ድምፄ ውስጥ ነፋስ ቢገባ ይቅርታ። ይሄን ፖድካስት ቤት ሆኜ ልቀዳ ነበር፤ ጎረቤቴ በር እየበየደ ነው። ስልኬን ይዤ ጣና ዳር መጣሁ። ይሄ የምትሰሙት... ባጃጅ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የትም ብትደበቁ እሱ ያገኛችኋል።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ቃል ነው። «የለም» ስለምትባለው።

የቆያችሁት ታውቃላችሁ፣ እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመደርደሪያ ፊት፣ ከመስታወት ጀርባ ቆሜያለሁ። ሰው ማዘዣ ይሰጠኛል። አንብቤ ሳልጨርስ አፌ ይቀድመኛል። «ይሄ አለ፣ ይሄ የለም።» «መቼ ይመጣል?» «እንጃ።» ክፉ ሆኜ አይደለም። ከሌለ የለም ነዋ! ግን ቃሏ እንዴት እንደምትወጣ ታውቃላችሁ? ሳል እንደሚወጣው ነው። ሳታስቡት።

ከሦስት ወር በፊት የጀማሪዎች የትወና ትምህርት ገባሁ። ምክንያቱን ባሳምረው ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን አንዲት ጓደኛዬ ተመዝግባ ከከፈለች በኋላ አዲስ አበባ ሥራ አገኘች። «ብሩ ከሚበላ አንች ግቢ» አለችኝ። ቴአትር እወዳለሁ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ሄጄ ብዙ አይቻለሁ። የምወደው ግን ከመቀመጫዬ ሆኜ ነበር።

አሥራ አራት ሰዎች ነን። ከሁሉም የሚበልጡት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ትንሹ ደግሞ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ እንደጠበቅሁት ቢሆን የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ይታደላል፣ ቃለ ተውኔት እናጠናለን። አሰልጣኛችን ግን ገባችና «ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ግፏቸው» አለች። ወረቀት የለም። «ዛሬ ኢምፕሮቫይዜሽን ነው። ምን እንደምትሉ ማንም አይነግራችሁም። እዚያው ፈጥራችሁ ትጫወታላችሁ።»

ሆዴ ቡጭ ቡጭ አለ።

እኔና የባጃጁ ልጅ ተጠራን። እሱ ምንም አላቅማማም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፣ በባዶ እጁ መቅዘፍ ጀመረ፣ ቀና ብሎ አየኝና «እታለም! ኧረ ታንኳው ውሃ እየጠጣ ነው!» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ?

«የምን ታንኳ? እዚህ ታንኳ የለም።»

ወይ ጉድ። አዳራሹ ጸጥ። ልጁ መቅዘፉን አቆመ። እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ፊቱን ብታዩት! ረጅም መንገድ ሄዶ መጥቶ መድኃኒት የለም የተባለ ሰው ፊት ነው። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ በየቀኑ አየዋለሁ። አሰልጣኛችን «ታንኳው ሰመጠ። አንቺ ነሽ ያሰመጥሽው» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ይሄ ሕግ፣ ማለትም ጓደኛህ ያቀረበልህን ተቀብለህ አንድ ነገር ጨምርበት የሚለው፣ በብዙ አገር የኢምፕሮቭ፣ የኢምፕሮቫይዜሽን ማለቴ ነው፣ ክፍል መጀመሪያ የሚነገር ነው። ፈረንጆቹ በዚህ ብዙ ሠርተውበታል። ቫዮላ ስፖሊን የምትባል አሜሪካዊት ነበረች፣ እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1994 የኖረች። በ1930ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ ቤተሰብ ልጆች ጋር ትሠራ ነበር። በገለጻ አልሆነላትም፤ ጨዋታ ፈጠረችላቸው። ዛሬ በየትወና ትምህርት ቤቱ ከሚሠሩት መልመጃዎች ብዙዎቹ ከእሷ ጨዋታዎች የመጡ ናቸው። ልጇ ፖል ሲልስም እ.ኤ.አ. በ1959 እዚያው ቺካጎ ሰከንድ ሲቲ የሚባለውን የኮሜዲ ቴአትር ከመሠረቱት አንዱ ነው። እሺ፣ ታሪኩ ይብቃን።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። አሰልጣኛችን ሕጉን ስታስረዳ ጋሼ ከጥግ «ተቀበል! ነው በይኝ» አሉ። ሁላችንም ዞር አልን።

እውነታቸውን ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ ሞቅ ያለው ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥም ይወረውራል። አዝማሪው ምን ያደርጋል? ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያችኑ ስንኝ ተቀብሎ ያዜማታል። ግጥሙ ቤት ባይመታም ይቀበላል። ስድብ ቢሆንም ይቀበላል! ከዚያ የራሱን ይጨምርበታል፣ ሰዳቢው ራሱ ብር ይሸልመዋል። «ይቺ ግጥም አትሆንም፣ ሌላ አምጣ» ያለ አዝማሪ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

ጋሼ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ቤት ነበሩ። «ቅኔም እንዲሁ ነው፤ የትናንቱን ዛሬ ይዘሽ ብትመጭ ማን ይሰማሻል?» አሉኝ። እኛ ጎጃሞች ይሄን ከቺካጎ መማር ነበረብን እንዴ ብዬ ትንሽ አፈርኩ። ግን እውነት ለመናገር፣ እኔ ቅኔም አልቆጠርኩም፣ ማሲንቆም አልነካሁም። የኔ ኢምፕሮቭ እቃ እቃ ነበር። ትዝ ይላችኋል? ቆርኪው ድስት፣ ጭቃው ወጥ፣ ቅጠሉ እንጀራ። «አንች እናት ሁኝ፣ እኔ እንግዳ ልሁን።» እንግዳዋ ትመጣለች፣ ጭቃው ይቀርብላታል፣ «እንዴት ይጣፍጣል!» ትላለች። «ይሄ እኮ ጭቃ ነው» ያለች ልጅ በነጋታው የሚያጫውታት የለም። ያቺ ልጅ አሁን እኔ ሆኜ ቁጭ።

ሁለተኛው ሳምንት መስታወት ሠራን። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ ይከተላል። እኔ ከጋሼ ጋር ደረሰኝ። ቀላል ይመስላል። ግን ዓይን ለዓይን መተያየት አለባችሁ፣ እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ዓይንሽን ስበሪ ተብዬ ያደግሁ ነኝ። አንገታቸውን እያየሁ ጨረስኩት። ለሦስት ደቂቃ የጋሼን ከረባት አጠናሁ በሉት።

ሦስተኛው ሳምንት ግን... አይ ሦስተኛው ሳምንት።

አሰልጣኛችን የመጫወቻ ካርታ ይዛ መጣች። እያንዳንዳችን ግንባር ላይ አንድ ካርታ ይለጠፋል። መለጠፊያ ፕላስተሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ከሱቃችን። የራስህን ካርታ አታይም፣ የሌላውን ታያለህ። ትልቅ ቁጥር የለጠፈውን እንደ ትልቅ ሰው፣ ሁለት የለጠፈውን እንደ ሎሌ ታስተናግዳለህ። በመጨረሻ ሰው እንዴት እንዳደረገህ አይተህ የራስህን ቁጥር ትገምታለህ። ማን ከማን ይበልጣል በሚለው ደረጃ ላይ የሚሠራ መልመጃ ነው። ኪት ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ፣ ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትር ይሠራ የነበረ፣ በደረጃ ጨዋታ ስሙ ይነሳል።

እኛ ጋ ግን ጨዋታው አንድ ደቂቃ ሳይሞላው አለቀ። ለምን መሰላችሁ? አማርኛ ነዋ! አንዱ መጥቶ «እርስዎ» አለኝ፣ በቃ፣ ትልቅ ካርታ እንደለጠፍኩ አወቅሁ። አጠገቤ ያለውን «አንተ፣ ና ወዲህ» አሉት፣ እሱም ሁለት ወይም ሦስት መሆኑን አወቀ። በእንግሊዝኛ አንዱ «ዩ» ለንጉሡም ለእረኛውም ይሆናል። እኛ አፋችንን እንደከፈትን ማን ማን እንደሆነ ተነግሮ ያልቃል። አንተ ነው፣ አንቺ ነው፣ እርስዎ ነው፤ ሳትመርጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም።

አሰልጣኛችን ሳቀችና አዲስ ሕግ አወጣች። አንቱታ ተከለከለ። ሁሉም ሰው አንተ እና አንቺ ብቻ። ደረጃውን በአቋማችሁ፣ በእጃችሁ፣ በዓይናችሁ አሳዩት።

ካርታው እንደገና ተለጠፈ። ጋሼ ግንባር ላይ ማን አለ? ሁለት ቁጥር።

ከስልሳ ዓመት በላይ የሆናቸውን ሰው፣ ከረባት ያሰሩትን ሰው፣ እኔ «ና» ልበል። አፌን ከፈትኩ። «ይምጡ» ወጣ። «ተከልክሏል!» አለች አሰልጣኛችን። ደግሜ ሞከርኩ። «እባክ... እባክዎ...» ሰው መሳቅ ጀመረ። በሦስተኛው ድመት እንደሚጠራ ሰው በቀጭን ድምፅ «ና» አልኩ።

ጋሼ መጡ። ግን እንዴት መጡ! ወገባቸውን ሰብረው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ነጠላ እንደሚያደገድግ ሰው ትከሻቸውን እየነካኩ፣ «አቤት እሜቴ፣ ምን ልታዘዝ» ብለው ፊቴ ቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው ከዓይኔ ሥር አዩኝ። አፈርኩ። ትንሽ ደግሞ፣ አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። «ውሃ አምጣ» አልኩ። እየሮጡ ሄዱ። በሕይወቴ አባቴ የሚሆንን ሰው «አምጣ» ብዬ አላውቅም።

ለካ የኔ ይሉኝታ ሁሉ አክብሮት አልነበረም። ያ መስታወት ጊዜ ዓይናቸውን ሳላይ የቀረሁት አክብሬያቸው ነው ብዬ ነበር። ጋሼ ግን የሚጫወትላቸው ሰው ፈልገው ነው የመጡት። እኔ አንገታቸውን እያየሁ ብቻቸውን አቁሜያቸዋለሁ። ይሄም «የምን ታንኳ?» ማለት ነው፣ በሌላ ድምፅ።

አራተኛው ሳምንት የባጃጁን ልጅ ራሴ ሄጄ «ታንኳዋን እንደገና እንሞክራት?» አልኩት። «አሰምጠሽኝ አልነበር?» አለኝ። ግን ተነሳ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ነገረኝ። ደንገል ከሚባለው የውሃ ዳር ተክል የሚሠራ ታንኳ እንደ ጀልባ ውሃ ሞልቶት ድርግም ብሎ አይሰምጥም። ደንገሉ ውሃውን እየጠጣ፣ እየጠጣ ይከብዳል፣ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ለዚህ ነው ዳር ያሉት ታንኳዎች ፀሐይ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው የምታዩአቸው፤ እየደረቁ ነው። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያን ሁሉ ዓመት ለውበት የሚያቆሟቸው ይመስለኝ ነበር።

ወለሉ ላይ ተቀመጥን። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። ከዘጌ እንጨት ጭነን እየመጣን ነው።

«እታለም፣ ከበደ። ውሃ ጠጥቷል።»

«ትናንት አድርቀው አላልኩህም?»

«በምን ላድርቀው? ሦስት ቀን ዘነበ እኮ።»

«እና አሁን ባሕር ዳር ሳንደርስ ልንቀር ነው?»

«እንጨቱን እንጣለው?»

ያኔ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ «እንጨቱን? የእማዬ መድኃኒት መግዣ ነው እኮ!» አልኩ።

አላሰብኩትም። ምላሴ ላይ አገኘሁት። ልጁ መቅዘፉን ቀስ አደረገ። ሳይዞር፣ ውሃውን እያየ፣ ማለቴ ወለሉን እያየ፣ «ደርሰን የለም ብትለንስ? ያቺ መድኃኒት ቤት ያለችው ሴትዮ?» አለኝ።

ያኔ ሥራዬን አያውቅም ነበር። አልነገርኩትም ነበር። 

ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ። ሁለት ሰከንድ ነው፣ ግን መድረክ ላይ ሁለት ሰከንድ ረጅም ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ሆኜ ቆሜ አላውቅም ነበር። ከዚያ «አንተ ዝም ብለህ ቅዘፍ» አልኩት። «የለም ስትለን እናያታለን።»

ሰው ሳቀ። ጋሼ አጨበጨቡ። እኔ ቀሚሴ ስር እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

አሁን፣ ከዚህ በኋላ ሕይወቴ ተቀየረ እንድል የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። መድኃኒት ቤት መድረክ አይደለም። የሌለ መድኃኒት አሁንም የለም ነው የምለው፤ እዚያ በዘፈቀደ «አዎ» ማለት ሰው ይገድላል። ማዘዣው ላይ ከተጻፈው ሌላ ኢምፕሮቫይዝ የምታደርግ ፋርማሲስት ብትሆንባችሁ እናንተም አትመጡም። ያደረግሁት አንዲት ትንሽ ነገር ናት። ከወረቀቱ በፊት ፊቱን አያለሁ። ያውም ሁልጊዜ አይደለም፤ ሰልፍ ሲበዛ እረሳዋለሁ።

አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ፣ ነፋሱም በረታ። ሐሙስ ዕለት ነው። አንዲት እናት ማዘዣቸውን ሰጥተውኝ መደርደሪያው ላይ እየፈለግሁ ነው። ውጭ ባጃጅ ቆመ። ያ ልጅ ነው። እኔ እዚያ እንደምሠራ አያውቅም፤ ተሳፋሪ ሊያወርድ ነው የቆመው። በበሩ በኩል ነጭ ጋውን ለብሼ አየኝ። አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ከመሪው ላይ ሳይወርድ፣ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ፣ «እታለም! ታንኳው ደረቀ ወይ?» ብሎ ጮኸ።

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ እኔን።

«ገና ነው! ሆዱን ወደ ፀሐይ አዙረው!» አልኩት።

እየሳቀ አስነስቶ ሄደ። እኒያ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ አዩኝ።

«ልጄ፣ አንች ደሞ ታንኳ አለሽ እንዴ?»

«አለኝ እማማ» አልኳቸው።