በደሴ የሬዲዮ አድማጮች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ የሊቀ መንበሩ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ ከሬዲዮ ጣቢያው የመጣችሁ ጋዜጠኞችና ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤

እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ። ሸህ አባታችን በዱዓ፣ ቄስ አባታችን በጸሎት ስለከፈቱልን፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሹን ያለ ክፍያ ስለፈቀደልን፣ እናቶቻችንም ቡናውንና ዳቦውን ከሌሊት ጀምረው ስላሰናዱልን በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። ከሐይቅና ከኩታበር ሊመጡ የነበሩ አንዳንድ አባሎቻችን በመንገድ ምክንያት እንደቀሩ በስልክ ነግረውናል፤ የእነርሱ መቅረት ይገባናል። እዚሁ ደሴ፣ ከአዳራሹ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ ተቀምጠው የቀሩትን ግን ቆየት ብዬ እመለስባቸዋለሁ።

የዓመቱን የሥራ ዘገባ ጸሐፊያችን በዝርዝር ስለሚያቀርቡት እኔ አላደክማችሁም። በማኅበራችን ጥቆማ የቦርከና ወንዝ ከተማችንን አቋርጦ በዶሮ መዝለያ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ይዞት ስለሚሄደው ቆሻሻ ተዘግቧል፤ መሬት እየተንሸራተተ የቤታቸው ግድግዳ የተሰነጠቀባቸው ቤተሰቦች ተደምጠዋል፤ የሸክላ ሠሪ እናቶች በገዛ አንደበታቸው ስለ ሙያቸው ተናግረዋል። ከሁሉ ይልቅ እኔን ያኮራኝ የእነዚህ እናቶች ዝግጅት ነበር፤ ምክንያቱም ሰው በቤቱ ተቀምጦ የጎረቤቱን ድምፅ በሬዲዮ ሲሰማ ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር በሌላ አይገኝም። የገንዘባችንን ነገር ደግሞ በአጭሩ ልናገርና ልለፈው፦ ወርሃዊው መዋጮ 20 ብር ነው፣ ዛሬ አንድ ማኪያቶ አይገዛም፤ ይሁንና ከአባላት ከግማሽ የሚበልጡት ከታኅሣሥ ወዲህ አልከፈሉም፤ የታክሲውንና የስልክ ካርዱን ወጪ ገንዘብ ያዣችን ከኪሳቸው ሸፍነዋል፣ ማኅበሩም እስካሁን አልመለሰላቸውም።

አሁን ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ወደ ነሳኝ ጉዳይ ልግባ።

ባለፈው ኅዳር በተደረገው ወርሃዊ ስብሰባችን፣ ዳገት ላይ ካለ አንድ ሰፈር የመጡ አባሎቻችን የውኃን ጉዳይ አነሡ። በዚያን ቀን ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት በኩል ቆሞ ይሰማ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ፈረቃቸው በወጉ እንደማይከበር፣ ውኃው በመጣ ጊዜም ሰው በሚተኛበት ሰዓት እየመጣ ሳይነጋ እንደሚሄድ፣ ቦኖው ላይ ጀሪካን ተደርድሮ እንደሚያድር አንድ በአንድ አስረዱን። የተናገሩት ሁሉ እውነት ነበር፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነበር። «ሬዲዮ ይምጣልን» ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ጉዳዩም በማኅበሩ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ሠላሳ አንድ ሰው ፈረመበት። እኔም ያን ምሽት ወደ ቤቴ የገባሁት ማኅበራችን ነፍስ ዘራ እያልሁ ነው።

ጋዜጠኛዋ በሁለተኛው ሳምንት መቅረጫዋን ይዛ ስትመጣ ከሠላሳ አንዱ ፈራሚዎች መካከል አንድ እንኳ የሚናገር ሰው ጠፋ። አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን፣ ሌላው ልጁ ሥራ እየጠበቀ መሆኑን፣ ሌላዋ ደግሞ ድምፅዋ ለሬዲዮ የማይሆን መሆኑን ነገሩን፤ በስብሰባው ላይ ያ ድምፅ ከሁላችን በላይ ሲሰማ የነበረ ድምፅ ነው። በመጨረሻ ከአባሎቻችን ሁለቱ ሄደው የማኅበራችን አባል እንኳ ያልሆኑ፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናትን ለመኑ። እኚያ እናት እሺ አሉ። «አብሽሩ፣ እኛ ከጎንዎ ነን» ያላቸው ማኅበራችን መሆኑን በዚህ ጉባኤ ፊት ማስመዝገብ እፈልጋለሁ።

ዝግጅቱን የሰማችሁት ታስታውሱታላችሁ። ጋዜጠኛዋ እኚያ እናት ቤት አድራ ስለነበር ዝግጅቱ በንግግር አልጀመረም፤ የጀመረው በፉጨት ነው። ውኃው ከመድረሱ በፊት በቧንቧው ውስጥ ያለው ነፋስ ያፏጫል፤ እኚያ እናትም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የሚነቁት በዚያ ፉጨት ነው። ፉጨቱ ተሰማ፣ ቀጥሎ የባልዲ ጆሮ ሲንጓጓ፣ ከዚያ አንድ ሕፃን ሲያስል፣ ከዚያ የእርሳቸው ድምፅ፦ «ይኸው መጣ፤ ቶሎ ካልቀዳሁ ሊጥ የማቦካበት የለኝም»። ስለዚያ ሰፈር ውኃ በየስብሰባው ስንት ሰዓት እንደተነጋገርን አላውቅም፤ ያን ሁሉ ንግግር ግን ያ ፉጨት በለጠው።

ዝግጅቱ በተላለፈ በሦስተኛው ቀን የአካባቢው አስተዳደር ቅሬታ ያለው ሁሉ ይምጣ ብሎ ስብሰባ ጠራ። በእውነቱ ከሆነ ይህ ራሱ ውጤት ነበር፤ ሬዲዮ ማድረግ የሚችለውን አድርጓል፣ በሩን አንኳኩቶ አስከፍቷል። በተከፈተው በር የገባው ግን ማን ነው? እኚያ እናትና ሌሎች ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። በቃለ ጉባኤውም ላይ «በሬዲዮ የቀረበው የአንድ ግለሰብ ቅሬታ ነው» ተብሎ ተጻፈ። ሠላሳ አንድ ፊርማ ያለበት መዝገብ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ፣ እዚህ ላይ ራሴን ነጻ ማውጣት አልፈልግም፣ ለለቅሶ ሄጄ ነበርና ስብሰባው ሊበተን ሲል ነው የደረስሁት። መዝገቡን ባወጣ ኖሮ ምን ሊጻፍ ይችል እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ አላበቃም። በሰፈሩ «ሴትዮዋ አሰደበችን» የሚል ወሬ ተነሣ። ከእኚያ እናት በየቀኑ እንጀራ ይወስዱ የነበሩ አንዳንድ ቤቶች መውሰድ አቆሙ፤ ከእነዚያ ቤቶች መካከል የማኅበራችን አባል ቤት እንደሚገኝበት ሳውቅ አፈርሁ። ሁለት ፈራሚዎችም ቤቴ ድረስ መጥተው ስማቸውን ከመዝገቡ እንድሰርዝላቸው ጠየቁኝ። አልሰረዝሁም። ያ መዝገብ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ሃያዎቹ እስከ ኅዳር ማብቂያ ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ አባላችን በጤፍ ጎታ ውስጥ ቀብረው ያተረፉት መዝገብ ነው፤ ጦርነት ያላጠፋው መዝገብ ላይ ያለን ስም እኔ በእስክሪብቶ አላጠፋም ብዬ መልሻቸዋለሁ። በዚህ የተቀየማችሁኝ ካላችሁ ዛሬም ቃሌ ያው ነው።

ከዚህ በኋላ በማኅበራችን ውስጥ ሁለት ወገን እንደተፈጠረ የምታውቁት ነው። አንደኛው ወገን ማኅበሩ ከእንግዲህ ለሬዲዮ የሚጠቁመው የከተማችንን መልካም ገጽታ ብቻ ይሁን ይላል፤ ጎበዝ ተማሪዎችን፣ አይጠየፍ አዳራሽንና ሌሎች ቅርሶቻችንን፣ ሠርተው የተለወጡ ወጣቶችን። የደሴን መልካም ነገር መስማት የሚጠላ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የሸክላ ሠሪዎቹ ዝግጅት እንዳኮራኝ አሁን ተናግሬአለሁ። ነገር ግን በግብር ከፋዩ ገንዘብ የሚተዳደር ሬዲዮ የነጋሪት ሥራ ብቻ እንዲሠራ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ያለው ሕግ የተገላቢጦሽ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንኡስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። የአማራ ሬዲዮ ከአማርኛ ሌላ በኽምጥኛ፣ በአዊኛና በአፋን ኦሮሞ የሚያሰራጨው ለምንድን ነው? ሰቆጣ ያለው፣ እንጅባራ ያለው፣ ከሚሴ ያለው ሰው የራሱን ነገር በራሱ ቋንቋ እንዲሰማና እንዲያሰማ ነው። ጎረቤቶቻችን በቋንቋቸው ሲናገሩ እኛ በገዛ ቋንቋችን አፋችንን ልንይዝ ነውን?

ሁለተኛው ወገን ጥፋቱ ሁሉ የጣቢያው ነው የሚል ነው። በዚህም አልስማማም። የአየር ሰዓቱ አጭር መሆኑን፣ ተከታታይ ዘገባ የሚጠብቁ ብዙ ጥቆማዎቻችን ተረስተው መቅረታቸውን ጋዜጠኞቹ ባሉበት እናገራለሁ፤ ቅር ብሎኛልም። ሆኖም ጋዜጠኛ ከባዶ ድምፅ አይቀርጽም። ለሊት አድራ ፉጨት የቀረጸች ልጅ ባለችበት ጣቢያውን ብቻ መውቀስ ለእኛ ለዝምተኞቹ ይመቻል፤ እውነት ግን አይደለም።

ስለ ፍርሃቱ ደግሞ ግልጽ ልሁን። ዘመኑ ሰው ከመናገሩ በፊት ቃሉን ደጋግሞ የሚመዝንበት ዘመን መሆኑ አልጠፋኝም፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንሁ የምፈራው ነገር ከእናንተ ያነሰ እንደሆነም አውቃለሁ። የውኃ ፈረቃ ይከበር ማለት ግን ፖለቲካ አይደለም። ደግሞም ሁሉ ነገር ድምፅ አይጠይቅም፤ የመረጃ ነጻነትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። የፈረቃውን ሠንጠረዥ በዚህ መንገድ በጽሑፍ እንጠይቅ ብዬ ደብዳቤውን አርቅቄ ነበር። የሰፈሩ ነዋሪ መፈረም አለበት ስላልን ደብዳቤውን ይዤ አምስት ቤት ዞርሁ፤ በአምስቱም ቤት ቡና ጠጣሁ፣ በአንዱም ፊርማ አላገኘሁም። በአንደኛው ቤት «ዝም አይነቅዝም» ተባልሁ። ዝም እውነትም አይነቅዝ ይሆናል፤ ውኃ የማያልፍበት ቧንቧ ግን ይዝጋል።

እስቲ አንድ ነገር ከራሴ ሕይወት ልንገራችሁ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ገና ጎረምሳ ነበርሁ፤ ፊደል ላስቆጥር ገጠር ሄድሁ። በቀበሌው የነበረው ሬዲዮ አንድ ብቻ ነበር፤ ማታ ማታ ገበሬዎቹ ዙሪያውን ይቀመጡና ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ድምፅ ጸጥ ብለው ይሰማሉ። አንድ ሽማግሌ አንድ ምሽት ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ እኛን ይሰማናል?» አሉኝ። ሳቅሁባቸው። ሬዲዮ መስማት እንደማይችል እንደ ትልቅ አዋቂ አስረዳኋቸው። ዛሬ እርሳቸው የጠየቁት ነገር ደጃችን ድረስ መጥቷል፤ መስመሩ ክፍት ነው፣ መቅረጫው አፋችን ላይ ነው፣ የምንሸሸው እኛ ነን። ያ ሳቄ አሁን ያሳፍረኛል።

እመለስባቸዋለሁ ወዳልኋቸው ወንድሞችና እህቶች ልምጣ። ይህ ንግግር ነገ በየስልኩ እንደሚደርሳቸው አውቃለሁና የምናገረው ለእነርሱ ነው። ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ በታክሲ ስንሄድ የዝግጅቱን እያንዳንዱን ስህተት የምትነግረኝ ወንድሜ፣ ዛሬ ቦታህ ባዶ ነው። እድር ላይ ተነሥተሽ ስትናገሪ አዳራሹን ጸጥ የምታሰኚው እህቴ፣ ቦታሽ ከፊት ነበር፣ እርሱም ባዶ ነው። ጋሼ፣ እርስዎንም ጭምር ነው፤ ማኅበሩ ሲመሠረት በገዛ ሳሎንዎ ያስተናገዱን እርስዎ ነዎት፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ስልኬን አያነሡም። ቅሬታዎ በእኔ ላይ ከሆነ በዛሬው ምርጫ ወንበሩን ለሌላ ለመልቀቅ ዝግጁ ነኝ፤ እርስዎ ብቻ ይምጡ።

ሥራ አመራሩ ለጉባኤው የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው አጀንዳም እርሱ ነው። ከእንግዲህ ማኅበሩ ማንንም ሰው ብቻውን ለማይክራፎን አያቀርብም። አንድ ነዋሪ በእኛ ጥያቄ ድምፁን ከሰጠ፣ ጉዳዩን ካነሡት አባላት ቢያንስ አምስቱ ስማቸውን አስመዝግበው ከቀረጻው እስከ መጨረሻው ስብሰባ ድረስ አብረውት ይቆማሉ። አምስት ሰው ካልተገኘ ጥቆማው ወደ ጣቢያው አይሄድም። ይህ የጥቆማዎቻችንን ቁጥር እንደሚቀንሰው ተነግሮኛል፤ ይቀንሰው።

የውኃው ጉዳይ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ጋዜጠኛዋም ለመመለስ ፈቃደኛ ሆናለች። እኚያ እናት እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ስሜን አትጥራ ስላሉኝ አልጠራም፣ ዞራችሁም እንዳታዩአቸው አደራ። ትናንት ሌሊትም ፉጨቱን ሰምተው ተነሥተው ነበር፤ ዛሬ የበላነውን እንጀራ የጋገሩት በዚያ ውኃ ነው።

መዝገቡ አሁን በግራ በኩል ካለው የመጀመሪያ ረድፍ ጀምሮ ይዞራል። በዚህ ዓመት አራት እስክሪብቶ ስለጠፋብን አምስተኛው በገመድ ታስሯል። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል።